አራት አጠጪ ያለው ወይራና የአባባ የጃፓን ጉዞ

ይድረስ ለእታለም፣ ተከራክሬ አንድ ቀን እንኳ ላላሸነፍኳት ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምንስ ከረምሽ? በጅምላ “ጤናሽ እንዴት ነው” ብዬ ብጠይቅሽ “ደህና ነኝ” ብለሽ እንደምታልፊኝ አውቃለሁና በችርቻሮ ልጠይቅሽ። ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይ? ወገብሽ በሰው አገር ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ሲያነሳና ሲያስተኛ ነው የሚውለው፤ እንዴት ይዞሻል? እጅሽ በሳሙና ብዛት ይሰነጠቅ ነበር፤ ዳነልሽ? ምሳሽን ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ የምትበዪው? ጥርሱን በየኪሱ እየረሳ የሚያፈላልግሽ ያ ሽማግሌስ፣ ጥርሱ ተገኘለት?

እኛ ደህና ነን። “ከናፍቆትሽ በቀር” ብዬ ልዘጋው ስል አክስታችን ከኋላዬ ቆመው “የሪሄን ነገር እንዳትረሳ” ስላሉኝ፣ ከናፍቆትሽና ከአክስታችን ሪህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለወትሮው ሰላምታ አይደለም። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽ ከሆነም ተነሺና ደህና አድርገሽ እንደገና ተቀመጪ። አባባ ጃፓን ሊሄዱ ነው። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ክርና ቁልፍ ለመግዛት ካልሆነ በቀር ከሰፈራቸው ርቀው የማያውቁት ልብስ ሰፊው አባታችን፣ ባሕር ተሻግረው፣ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ በሸክላ ሳህን ላይ የሚያድጉ ዛፎችንና የጃፓኖችን የአትክልት ስፍራ ሊጎበኙ ቆርጠው ተነስተዋል። አእምሯቸው አልተነካም። እኔም አልጠጣሁም።

ጥፋቱ ከሥሩ ሲታይ የአንቺ ነው። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሽ ከትምህርት ቤት በወተት ጣሳ ያመጣሻትን የወይራ ችግኝ አስታወስሽ? “ግቢ ሲኖረን እንተክላታለን” ብለው ነበር አባባ። ግቢው ሳይመጣ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ፤ እኛም እዚያው ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ላይ ነን። አባባ ግን ቃላቸውን አላጠፉም፤ ግቢው እስኪመጣ ድረስ ወይራው እንዳያድግ ሲለምኑት ኖሩ። ልመናውም በጨርቅ መቀስ ሥሩን፣ በክር መቁረጫ ቅርንጫፉን እየቆረጡ፣ ከልብስ መስቀያ በወጣ ሽቦ ግንዱን እያጎበጡ ነበር። ዛሬ ቁመቱ ስድሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው፤ በየወሩ መጀመሪያ በሜትር ስለሚለካ አልሳሳትም። በቤታችን ስሙ “ጌታው” ነው፤ ከቤተሰቡ ሁሉ ጠዋትና ማታ ፀሐይ የሚደርሰው እሱ ብቻ ነዋ።

አባባ ይህንን ሥራቸውን ለሰው ማሳየት ያፍሩ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ የሚያሳጥሩለት ሱሪ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጠቅልሎ አመጣ። ወረቀቱ ላይ ትሪ በሚመስል ዝርግ ሸክላ የቆመ ጥድ አለ፤ አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ትንሽ መቀስ ይዞ አጎንብሷል፤ አንዲት ቅጠል ላይ አፍጥጦ፣ ልቁረጣት አልቁረጣት እያለ። አባባ ወረቀቱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሱሪውን ረሱት፤ ባለሱሪው እስከ ዛሬ እግሩን እየጠለፈው ነው የሚሄደው። ባለቤቴ ጽሑፉን አንብባ ነገሩ ቦንሳይ እንደሚባል፣ እዚያ አገር ሰፈር ሙሉ የችግኝ ጣቢያ ጎን ለጎን እንዳለ፣ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ሙያ እንደሆነ ነገረቻቸው። አባባም “እኔኮ ብቻዬን ያበድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አገር ሙሉ ነው” አሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው የባለቤቴን የሠርግ ልብስ በአንድ ልኬት ልክክ ያደረጉላት ቀን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ በስልኳ እየፈለገች ታነብላቸው ጀመር። እዚያ አገር አንድ ተለማማጅ መቀስ ከመያዙ በፊት ሦስት ዓመት ውሃ ማጠጣት ብቻ ይማራል ይባላል ብላ ስታነብ እኔ በሳቅ ሞትኩ። እንደምታውቂው የከተማውን የውሃ ቆጣሪ በየቤቱ እየዞርኩ የማነብ፣ የውሃ መሥሪያ ቤት የአስራ ሰባት ዓመት ሠራተኛ ነኝ። “ውሃ ለማፍሰስ ሦስት ዓመት?” አልኩ። ያ ሳቅ ያስከተለብኝን ጉድ ወደ ታች ታነቢዋለሽ።

እቅዱ የተነደፈው በወረቀት አይምሰልሽ፤ ማለቴ በወረቀት ነው፣ ግን ልብስ በሚቀዱበት በዚያ ቡናማ ወረቀት ላይ ነው። በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በጠመኔ ነደፉት። ጃፓንን እንደ ኮት ጀርባ አድርገው ሲያሰምሯት ብታዪ። የችግኝ ጣቢያዎቹ ሰፈር አንድ ሳምንት፤ ድንጋዩን ሁሉ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የወረሰው የአትክልት ስፍራ ሦስት ቀን፤ ኩሬና ትንሽ ድልድይ ያለው ሁለት ቀን፤ ነጭ ጠጠር ብቻ ያለበትና ጠጠሩን እንደ ፀጉር የሚያበጥሩበት ሌላ ሁለት ቀን። ለባቡርም ሦስት ቀን ሰጡ። በሁሉም ዳር የቀሩትን አራት ቀኖች በነጠብጣብ መስመር ለይተው “ትርፍ” ብለው ጻፉባቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው “የስፌት ትርፍ ሳይተዉ ጨርቅ የሚቀድ ሰው ደንበኛው እንዳይተነፍስ የፈረደ ነው፤ መንገድም መተንፈስ አለበት” አሉኝ።

አክስታችን ስለ ጠጠሩ ሲሰሙ አላመኑም። “አበባ የለ፣ ውሃ የለ፤ ጠጠር ለማየት ባሕር ይሻገራል? እዚህ ከበራችን ፊት ማዘጋጃ ቤት ያፈሰሰልን አለ አይደል?” አሉ። ጋሼ ምላጭ ግን፣ የአባባ የአርባ ዓመት ጓደኛ የሆኑት ከመንገዱ ማዶ ያሉት ፀጉር አስተካካይ፣ ነገሩን በሙያ አዩት። “ማበጠርማ የእኔ ሥራ ነው፤ ጠጠርም ቢሆን መነሻውን ካወቅሽለት ይተኛል” አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበራቸው ላይ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ ከአባባ ጋር እንደሚሄዱ ማውራት ጀመሩ። አባባም ዝም አሉ። የአባባን ዝምታ ታውቂዋለሽ፤ ማንም ሰው የወደደውን መልስ ይሞላበታል።

ወደ አንዲት የጉዞ ወኪል ቢሮ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። አባባ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ገቡ። ልጅቷ በትሕትና አምስት ከተማ በስድስት ቀን የሚያስጎበኝ ጉዞ አቀረበችላቸው። አባባ ሰምተው ሲያበቁ “ልጄ፣ አንድ ዛፍ ፊት ስንት ደቂቃ ታቆሚናለሽ?” አሏት። ለአንዱ የአትክልት ስፍራ በጠቅላላ አርባ ደቂቃ እንደተመደበ ነገረቻቸው። “አርባ ደቂቃማ ለአንድ ቅርንጫፍ ነው” ብለው ቡናማውን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጉላት፤ ኮምፒውተሯ፣ ስልኳ፣ ብዕሯ ሁሉ ሥሩ ተቀበረ። የምስኪኗ መልካምነት ግን አላለቀም። ወረቀቱን ቁጭ ብላ አነበበች፤ እንዲያውም ባቡሩ ላይ አንድ ስሕተት አርማላቸዋለች። መጨረሻ ላይ ስንት ሰው እንደሚሄድ ጠየቀቻቸው። “ሁለት” አሉ። የሁለተኛውን ስም ስትጠይቅ “እሱ ገና አልተሰፋም” አሏት። እኔም ጋሼ ምላጭ ናቸው ብዬ አለፍኩት።

አሁን ደግሞ አንዱን ነገር በቀጥታ ልንገርሽ፤ ዙሪያውን ብዞረው ራሴው ይዞርብኛል። የአባባ ቀኝ ዓይን እየጠበበ ነው። ዶክተሩ የዓይን ግፊት ነው አላቸው፤ ጠብታው የቀረውን ያቆያል እንጂ የሄደውን አይመልስም፤ ግራውም መከተል ጀምሯል። አባባ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የወይራን ቅጠል ከጥላው ለይቼ የማየው እስከ መቼ ነው አሉ። ዶክተሩም “ማየት የሚፈልጉትን ነገር ዘንድሮ ይዩት” አላቸው። ይህን ለአንቺ እንዳንነግርሽ አስምለውናል። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ኃጢአቱን እኔ ልሸከመው፤ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰው በሸክም አይታማም። ባለቤቴ በየጠዋቱ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ሃያ መርፌ ላይ ክር ታስገባላቸውና በመርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰክታላቸው ትወጣለች። እሳቸውም ያላዩ መስለው፣ እሷም ያላደረገች መስላ፣ ስድስት ወር ሆናቸው። ሁለተኛውን የስፌት መኪናም የሸጡት ለጉዞው ነው ይበሉ እንጂ፣ እሱ ላይ ቁጭ ብለው ካየኋቸው ዓመት አልፏል።

ታዲያ ጉዞውን ምን ያዘው ብትይ፣ ጌታው ያዘው። መጀመሪያ አብረውት ሊሄዱ ነበር፤ “ለእነዚያ ሽማግሌዎች አሳይቼ በግራ በኩል ያለውን ቅርንጫፍ እጠይቃለሁ” ብለው የመረብ መስኮት ያለው የጉዞ ቦርሳ ሰፉለት። እንደ ጌታው ያማረ ቦርሳ በቤታችን ማንም ይዞ አያውቅም። ግን የጉዞ ወኪሏ ዛፍ ከነአፈሩ ድንበር እንደማያልፍ ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ሃያ አንድ ቀን ማን ያጠጣዋል?

እኔ ደረቴን ነፍቼ ቀረብኩ። አባባ ከእግር እስከ ራሴ ለክተውኝ ለአንድ ሳምንት እንደሚፈትኑኝ ተናገሩ። እሳቸው ጋሼ ምላጭ ቤት ሄደው ሊያድሩ፣ እኔ ከጌታው ጋር ልቀር። ትእዛዙ አንድ ነበር፤ ጣቴን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ላስገባ፤ ደርቆ ካገኘሁት እንዳጠጣ፤ ርጥብ ከሆነ እጄን እንድሰበስብ። እኔ ደግሞ ጠዋት ሥራ ስለምቸኩል ጣቱን ትቼ ኩባያውን ያዝኩ። በየጠዋቱ አንድ ኩባያ፤ ግልጽና ንጹሕ አስተዳደር።

በስድስተኛው ቀን በረንዳው ወለል ላይ አስራ አንድ ቅጠል ወድቆ አገኘሁ። የቀሩትም ቢጫ ሆነዋል።  ጠምቶት ነው ብዬ ሁለተኛ ኩባያ ጨመርኩለት። በሰባተኛው ቀን ቅዳሜ፣ ቆጣሪ ማንበቡን አቋርጬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ፣ ባለቤቴ ጌታው ፊት ተንበርክካ ውሃ ስታጠጣው ደረስኩባት። “ምነው?” ብላት “አንተን አምኜ!” አለችኝ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ለምሳ ስትመጣ፣ የተማሪ የቤት ሥራ እንደሚታረም የእኔን ማጠጣት ስታርም ኖራለች። ክርክሩ ሳያልቅ አክስታችን ጣሳ ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ ከሰዓት ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ነው፤ “ይህ ወላጅ አልባ፣ ማን ያስታውሰዋል ብዬ ነው” አሉ። እነሱ ኩባያና ጣሳቸውን እንደያዙ ሦስታችን ስንወቃቀስ የበሩ ቁልፍ ቀስ ብሎ ዞረ። አባባ ገቡ። ጫማቸውን አውልቀው በአንድ እጃቸው ይዘዋል፤ በሌላው እጃቸው ኮታቸው ሥር የውሃ ጠርሙስ አለ። ለካ ፈታኙ ራሳቸው፣ አክስታችን ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው እየጠበቁ፣ ሳምንቱን ሙሉ እየመጡ ያጠጡ ኖሯል።

 አክስታችን ታላቅነታቸውን ተጠቅመው “ወንድሜ፣ ጫማህን አውልቀህ የገባኸው ለጸሎት ነው ለስርቆት?” አሏቸው። አባባ ጌታው አጠገብ ቁጭ ብለው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ጭቃ ተላብሶ ወጣ። እኔ በሙያዬ አሰላሁት፤ የጣሳውንና የጠርሙሱን ሁለት ሁለት ቆጥሬ፣ በቀን ስድስት ኩባያ። በእኛ መሥሪያ ቤት ከድርሻው ስድስት እጥፍ ውሃ የሚወስድ ቤት ሲገኝ ቧንቧ ፈንድቷል ብለን መሐንዲስ እንልካለን።

አልተቆጡንም እታለም። ቢቆጡን በተሻለ። መጀመሪያ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ “አራት ሰው አንድ ዛፍ ወደደና ሊያሰጥመው ነበር” አሉ። ተነሱ፣ ቡናማውን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስተው በአራት አጠፉት። “ጉዞው ቀርቷል” አሉ፤ “ይህን የመሰለ ቤት ትቼ የት እሄዳለሁ?” አነጋገራቸው ቀልድ ይመስል ነበር፤ ወረቀቱን የከተቱት ግን ማንም በማይከፍተው፣ ነፍሷን ይማርና የእናታችን ልብሶች ባሉበት መሳቢያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሕክምና ቤት ሆነ። አባባ ጌታውን ከሳህኑ አወጡት። ሥሩን በጥጥ ገበር ጠቅልለው በየሰዓቱ እየቀየሩ ውሃውን አስመጠጡት፤ የበሰበሰውን በመቀስ ቆረጡ፤ እኔ በወንፊት የነፋሁትን ሻካራ አሸዋ አልብሰው መለሱት። ያኔ ነው ዓይናቸውን በደንብ ያየሁት። ቅጠል ለማየት ፊታቸውን እስከሚነካቸው ድረስ ያቀርቡ ነበር፤ ሰው ሕፃን ልጅ የሚያሸት እንጂ ዛፍ የሚያክም አይመስሉም። አስራ ዘጠኝ ቀን ምንም ለውጥ የለም። እኛም ባጠገቡ ስናልፍ፣ ጥፋተኛ ሰው ዳኛ ፊት እንደሚያልፈው፣ አንገታችንን ደፍተን ነው። አክስታችን ውሃ ራሱ ከቤት ውጭ መጠጣት ጀመሩ።

በሃያኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ የተለመደውን ሃያ መርፌ ስታዘጋጅ ቆይታ ቀና ስትል፣ ባዶ ሆኖ በነበረው የግራ ቅርንጫፍ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነገር አየች። ጠራቻቸው። አባባ አጎነበሱ፤ አዩ፤ አላዩም። መነጽር ቀየሩ፤ አላዩም። ሁላችንም ወደ መሬት አየን። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑና ቅርንጫፉን በአውራ ጣታቸው፣ የቁልፍ ቀዳዳ እንደሚፈልጉ ሁሉ፣ ቀስ እያሉ ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። “አለች” አሉ። ተነስተው ወደ መሳቢያው ሄዱ፤ ቡናማውንም ወረቀት አውጥተው እጥፋቱን በካውያ ተኮሱት። አጠጪነቱም ለእኔ ጸደቀ። ባለቤቴና አክስታችን ግን ኩባያ ይዘው በረንዳ ላይ ከተገኙ እንደሚቀጡ ተነገራቸው። ጣቴን እስከ መጀመሪያው አንጓ በየጠዋቱ ስከት ወር ሆነኝ። ሦስት ዓመት የሚሉት ሰዎች ልክ ናቸው፤ ስለ ሳቄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

አሁን ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ነገር ደረስኩ። ከሰሞኑ አባባ አዲስ ኮት ጀምረዋል፤ ከውጭ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ከውስጥ ግራጫ ገበር፤ ገና በነጭ ክር ለጊዜው የተያያዘ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጋሼ ምላጭ ሲመጡ አባባ ክር ሊገዙ ወጥተው ነበር። ጋሼ ምላጭ ኮቱን ተሰቅሎ ሲያዩት የጉዞ ኮታቸው መሆኑን አልተጠራጠሩም፤ ራሳቸውን ባርከው ሊለብሱት ሞከሩ። እጅጌው ክርናቸው ላይ ደርሶ እምቢ አለ። በግድ ሊያወልቁት ሲታገሉ ደረስኩና፣ እኔ በአንድ በኩል፣ አክስታችን በሌላ በኩል ጎትተን አዳንናቸው። ላባቸውን እየጠረጉ “ይህ ኮት የእኔ አይደለም” አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ የአርባ ዓመት ቅሬታ ነበር። “እጅጌው የሴት ነው።”

የልኬት ደብተሩን አወጣሁ። ያንን በፕላስቲክ ጨርቅ የተለበጠውን ታውቂዋለሽ፤ ደንበኛ ሁሉ በስሙ ሳይሆን በምልክቱ ነው የተመዘገበው። “ወፍራሙ ዳቦ ጋጋሪ”፣ “ግራ ትከሻው የወደቀው ሹፌር”። ኮቱን በሜትር ለካሁና ገጽ በገጽ አስተያየሁት። ልኬቱን ያገኘሁት የዛሬ አስራ አንድ ዓመት በተጻፈ ገጽ ላይ ነው፤ ከዚህ ስትሄጂ ለብሰሽው የሄድሽውን ኮት የሰፉበት ቀን። ከላይ “ልጄ” ይላል፤ ሌላ ምልክት የለውም። ትከሻ፣ ደረት፣ እጅጌ፣ ሁሉም ቁጥር ልክክ አለ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ጎን አራት አራት ጣት የስፌት ትርፍ ትተዋል። አባባ በሕይወታቸው ለማንም ሰው ይህን ያህል ትርፍ ትተው አያውቁም። አስራ አንድ ዓመት ምን እንዳደረገሽ ስላላወቁ፣ ብትወፍሪም ብትከሺም እንዲሆንሽ ነው።

ሌላም ነገር አየሁ። የግራው እጅጌ ክርኑ ላይ በውስጥ በኩል ድርብ ነው፤ ለስላሳ ጨርቅ ተደርቦበታል። ቀኙ የለውም። ጋሼ ምላጭ ስሕተት ነው አሉ። እኔም ለጊዜው ተስማማሁ፤ አባባ ግን በስፌት አይሳሳቱም። አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት፤ በማግሥቱ ከሐኪም ቤት ወደ መኪና ሳሻግራቸው ገባኝ። የሚጠበው ቀኝ ዓይናቸው ስለሆነ በቀኛቸው ነው የምሄደው፤ እሳቸውም የሚይዙት ግራ ክርኔን ነው።

አክስታችንን ያዝኳቸው። ሁሉንም ያውቁ ኖሯል፤ የአባባ ምክር ቤት እሳቸው አይደሉ? ታዲያ አባባ ለምን አይጠሯትም ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ይህንኑ ጠይቀዋቸው እንደነበር፣ አባባም “ጨርቅ ከተጎተተ ይጣመማል፤ ልጅም እንደዚያው ነው። እኔ ኮቱን እሰፋለሁ፤ ከመጣች ትለብሰዋለች፤ ካልመጣች ሱፍ ነው፣ ይቆያል” እንዳሏቸው ነገሩኝ። አራት ዓመት በተከታታይ “ዘንድሮ ፈቃድ የለም” ብለሽ ጽፈሻል። በየጊዜው አባባ ደብዳቤሽን ሰምተው “ሥራ ነው፣ ምን ታድርግ” ይሉና ወደ በረንዳ ወጥተው መቆረጥ የማያስፈልገው ቅጠል ይቆርጣሉ። ጌታው እንዲህ ያጠረው ግማሹ በአንቺ ፈቃድ ማጣት ነው ብል ሐሰት አይሆንም።

እኔ አባባ አይደለሁምና እጎትትሻለሁ፤ ብትጣመሚም ይቃናልሻል። ጉዞው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው። የጉዞ ወኪሏ የሁለተኛውን ሰው ስም እስከ የካቲት ማለቂያ ትጠብቃለች። አንቺ ካለሽበት ተነስተሽ ጃፓን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መገናኘት ትችላላችሁ፤ መነሻቸው ድረስ እኔ አደርሳቸዋለሁ፤ ከደረሱ በኋላ ክንድ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ቅርንጫፍ ፊት አርባ ደቂቃ የምትቆም፣ ሽበት የለበሰውን ድንጋይ ምን እንደሚመስል የምትነግራቸው፣ እነዚያን ሽማግሌዎች ስለ ግራው ቅርንጫፍ የምትጠይቅላቸው ክንድ። ሃያ አንድ ቀን ካልሰጡሽ አስሩን ውሰጂ፤ ሰባቱን ውሰጂ፤ ወረቀቱ ትርፍ አለው። አለቃሽንም “አባቴ” ብለሽ ለምኛት። የሰው አባት ስታነሺ አስራ አንድ ዓመት ኖረሻልና አትከለክልሽም ብዬ አምናለሁ።

ለጊዜው ግን ሁለት ነገር ብቻ ላኪልኝ፤ አዎ ወይም አልችልም የሚል መልስሽንና አዲሱን ልኬትሽን። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት። ሆድሽን ሳትስቢ ለኪ፤ አባባ በሜትር የዋሸ ደንበኛ ይቅር ብለው አያውቁም።

አክስታችን “እግሯን ታሙቅ” ይሉሻል፤ ጠጠሩንም በእሳቸው ፈንታ አይተሽ እውነት ጠጠር ብቻ መሆኑን እንድትመሰክሪ አደራ ብለውሻል። ባለቤቴ እቅፍ አድርጋ ትስምሻለች፤ ደብዳቤዬን ካነበበች በኋላ ሁለት ቃል አርማልኛለች። ጋሼ ምላጭ ቅሬታቸውን ረስተው ሰላም ብለውሻል፤ ደንበኞቻቸውን ሁሉ “እኔ ነኝ የቀረሁት፤ ለልጅቷ ቦታ ለመልቀቅ” እያሉ እየነገሯቸው ነው። ጌታው ሦስት እንቡጥ አውጥቷል፤ ሦስቱም በግራ በኩል ናቸው።

አባባ አሁን በመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው ነጩን ክር እየፈቱ ነው። ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፤ ለአንቺ አልኳቸው። ሰላምታቸውን ምን ብዬ ልጻፍልዎ ብላቸው ከክሩ ቀና ሳይሉ፣ “ያ ኮቷ አሁንም ይበቃት እንደሆነ ጠይቅልኝ” አሉ።

ጠይቄሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሁለተኛው ፎቅ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ፣ ጌታው ከሚታይበት በኩል
ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን